ሄጄ ልመለስ

ዕቁቡ የወጣልኝ ማክሰኞ ማታ ነው። 120 ሺህ ብር። አዳማ ከተማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ያለን ባለሱቆችና የሱቅ ሠራተኞች ተሰብስበን የምንጥለው ዕቁብ ነው። ዕጣው የሚወጣው አንድ ሻይ ቤት ጓሮ፣ ላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። ስሜ ሲጠራ ተጨበጨበልኝ። ዋሴ ፈረመ። ከዚያ የዕቁቡ ዳኛ፣ ለሁሉም እንደሚያደርጉት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠየቁኝ።

“እንኳን ደስ ያለሽ። ምን ልታደርጊበት አሰብሽ?”

ለዚህ ጥያቄ የታወቁ መልሶች አሉ። ፍሪጅ። ሶፋ። ለሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ። ባለፈው ወር አንዷ “ለባሌ ባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ” ብላ የሽማግሌ ምርቃት ወርዶላታል። እኔ እውነተኛውን መልስ ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

“እስቲ እናያለን ጋሼ” አልኩ።

እውነተኛው መልስ ባሕር ማየት ነው። ሐይቅ አላልኩም። ቆቃ ቅርባችን ነው፤ ላንጋኖም ሐዋሳም ሄጄ አውቃለሁ። እኔ የምለው ማዶው የማይታየውን፣ ሲቀምሱት ጨው ጨው የሚለውን ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን ዓመት ያህል ይህን ሳስብ ኖሬያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከአባቴ መኪና ነው። ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፤ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው የሚነዳ። ሲመለስ አንዳንዴ ጨው ይጭናል። ጨው ጭኖ በመጣ ቀን መኪናዋ ደጃችን ስትቆም ስፖንዳው ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ ይታያል። እኔና እህቴ ሰው ሳያየን ተጠግተን በምላሳችን እንልሰው ነበር። አቧራውም ናፍጣውም ቀለሙም አብሮ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጣፋጭ ነገር ቀምሻለሁ፤ እንደዚያ ምላሴ ላይ የቀረ ግን የለም። “ይሄ ከየት ነው የመጣው?” ስንለው “ከባሕር” ይለናል። ስለዚህ ባሕር ለእኔ መኪና ላይ ተለጥፎ የሚመጣ ነገር ነበር።

በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መስመር ተዘጋ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ፤ ጨዉም ቀረ። ከጅቡቲ የሚያመጣው ማዳበሪያ፣ ስንዴና ብረት ነው። ማዳበሪያ አይላስም።

ስለ ወደብ ፖለቲካ የምጽፍ መስሏችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ። ይህ ጽሑፍ ስለ አንዲት ሴት መዋኛ ልብስ ነው።

ደግሞ አዳማን አስቡት። ባሕር የላትም፤ የምትኖረው ግን በባሕር ነው። ወደ ወለንጪቲ መውጫ ላይ ቆሞ ከባድ መኪና መቁጠር የጀመረ ሰው ቁርሱ ይቀዘቅዝበታል። ጎማ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ አልጋ ቤቱ፣ ሌሊት ጥብስ የሚሸተው ምግብ ቤት፣ ሁሉም የሹፌር ነው። በ2009 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም፣ ያ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው፣ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ሞጆ ላይ ደግሞ ወደብ አለ። ስሙን ልብ በሉልኝ፦ ደረቅ ወደብ።

የእኔም እንጀራ ከዚያው ነው። ጎማና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የትራንዚት ክፍያ፣ የኮንቴነር ኪራይ፣ ዴሙሬጅ የሚሉት የመዘግየት ቅጣት፣ ይህን ሁሉ በየወሩ እመዘግባለሁ። መርከቡ ጅቡቲ የደረሰበትን ቀን አውቃለሁ። ኮንቴነሩ ስንት ቀን ቆሞ ስንት ዶላር እንደበላ አውቃለሁ። መርከብ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

“ታዲያ ጅቡቲ አትሄጂም? ከደጅሽ በባቡር!” የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ቅርቡ እሱ ነው። ግን በመጀመሪያ ነገር፣ ጅቡቲ ለእኔ ዴሙሬጅ ናት። ስሟን ስሰማ ትከሻዬ ይጨማደዳል። ከዓመት እስከ ዓመት ስከራከርበት የኖርኩት የሥራ ቦታዬ እንጂ የእረፍት ቦታዬ ልትሆን አትችልም። ሌላው ደግሞ ብሩ ነው። ጅቡቲ ቅርብ ናት እንጂ ርካሽ አይደለችም። ፍራንኳ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ እንደሆነ አለ፤ ንቅንቅ አላለም። አሜሪካም ፈረንሳይም ቻይናም ጃፓንም ጦር ያሰፈሩባት አገር ናት። አልጋ የምሻማው ከእነሱ ጋር ነው ማለት ነው። ይቅርብኝ።

የእኔ ሕልም ዛንዚባር ነበረች። ለምን ዛንዚባር ብትሉኝ፣ በካላንደር ነው። አንድ ጎማ ላኪ ድርጅት ለቢሯችን የላከው የግድግዳ ካላንደር ነበር። የነሐሴው ገጽ ላይ ሸራዋን የወጠረች የእንጨት ጀልባ አለች፤ ከሥሯ ያለው ውሃ ጥልቁ ሰማያዊ፣ ዳሩ አረንጓዴ ነው። ያ ዓመት ካለፈ ቆየ። ገጹን ግን እስከ ዛሬ ማንም እንዲገልጠው አልፈቀድኩም። በእኛ ቢሮ ሁሌም ነሐሴ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ነውና።

በሰኔ 2016 ባንክ ውስጥ 90 ሺህ ብር ነበረኝ። ዶላር በባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር። ሲካፈል ወደ 1,580 ዶላር ይመጣል። ደብተሬ ላይ “ዛንዚባር” ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት። በወሩ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። አሁን፣ በዚህ በኅዳር 2018፣ ዶላር 150 ብር አካባቢ ነው። ያው 90 ሺህ ብር 600 ዶላር ሆነ። የዕቁቡ 120 ሺህ ሲጨመርበት 210 ሺህ፤ በዶላር 1,400። ብሬ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ዶላሬ ከበፊቱ አነሰ ማለት ነው።

በዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ተናድጄ ከረምኩ። በኋላ ግን ራሴን ኦዲት አደረግሁ። ለመሆኑ በ57 ብር ማን ሊሸጥልኝ ኖሯል? ያኔ ባንክ ገብቶ “ለሽርሽር ዶላር ስጡኝ” ማለት ሰው ማሳቅ ነበር። በጥቁር ገበያው ደግሞ ያን ጊዜም ከ100 ብር በላይ ነበር። 1,580 ዶላሬ ከደብተሬ ውጭ አንድም ቀን ኖሮ አያውቅም። የሌለኝን ነገር ነው የተዘረፍኩት። አሁን ቢያንስ ፓስፖርትና ትኬት ይዞ ባንክ የሄደ ሰው ተሰልፎ ይገዛል። ይህን ሳስብ ንዴቱ በረደልኝ። ብሩ ግን አልጨመረም።

አንድ ሌላ መስመር ደግሞ ከደብተሩ ተደብቆብኝ ነበር። የእኛ ዕቁብ በየሳምንቱ 1,500 ብር ነው፤ 80 ሰው ነን። እኔ የጣልኩት ገና 31 ሳምንት ነው። 49 ሳምንት ይቀረኛል፤ 73,500 ብር። ዕቁብ ቀድሞ ሲወጣ ሰው ሀብታም የሆነ ይመስለዋል እንጂ ነገሩ ያለ ወለድ የተወሰደ ብድር ነው። ውሃ ውስጥ ሳልገባ ዕዳ ውስጥ ነኝ። ደመወዜ 16 ሺህ ነው። ሁለት ሱቆች የወር ሒሳባቸውን እሠራላቸዋለሁ፤ የምኖረው ከወላጆቼ ጋር ነው፤ እንግዲህ በዚያ እከፍለዋለሁ።

ማስቀመጡስ? ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ገበያው በዓመት በስንት እንደሚጨምር ሽንኩርት ለሚገዛ ሰው አልነግርም። ብሬ ባንክ ተቀምጦም እየተጓዘ ነው፤ ያለ እኔ።

ዛንዚባርን የጣልኳት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። የታንዛኒያ ቪዛ 50 ዶላር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ እዚያው 44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል። ድምሩ 94 ዶላር፤ ወደ 14 ሺህ ብር። እግሬ ሳይረጥብ የወር ደመወዜ ሊያልቅ ደረሰ። ትኬቱና አልጋው ገና አልተነካም። ካላንደሩ ላይ ይህ ሁሉ አልተጻፈም።

ከዚያ ካርታ ከፈትኩ። ጣቴን ከዛንዚባር አንስቼ ዳር ዳሩን ወደ ሰሜን ስጎትት ሞምባሳ ደረስኩ። ውቅያኖሱ ያው አንድ ነው። ውሃው “አንቺ ሞምባሳ ነሽ፣ አንቺ ዛንዚባር ነሽ” አይባባልም። ኬንያ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ ሰው ቪዛ አትጠይቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱን መከተብ ነው።

ሳነብ ስቆይ ይበልጥ እየገባኝ መጣ። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደው ባቡር ልክ እንደ እኛው ቻይናዎች የሠሩት ነው፤ እሱም በ2009 ነው ሥራ የጀመረው። ፈጣኑ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዝቅተኛው ማዕረግ 1,500 ሽልንግ ነው፤ በእኛ ወደ 1,750 ብር። የሚያልፈው ጻቮ በሚባለው የዱር እንስሳት ፓርክ መሐል ነው። ዝሆኖቹ ቀይ ናቸው ይላሉ፤ ከአፈሩ። ቀይ ዝሆን በ1,750 ብር! ሞምባሳ ስገባ ደግሞ ባጃጅ ይቀበለኛል፤ እነሱ ቱክቱክ ነው የሚሉት። ፖርቹጋሎች በፈረንጆቹ 1590ዎቹ የሠሩት ፎርት ጂሰስ የሚባል ምሽግ አለ፤ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ከሞምባሳ ደሴት ወደ ደቡብ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ ነጻ ነው። ነጻ! ከዚያ ማዶ ወደ ዲያኒ ነው፤ አሸዋው ዱቄት የመሰለ።

በሞያሌ በኩል በየብስ ሂጂ ያለኝ ጓደኛ አለ። በጣም ይረክሳል። አባቴ፣ ያ ዕድሜ ልኩን መንገድ ላይ የኖረ ሰው፣ “እሱን እንዳታስቢው” አለኝ። አላሰብኩትም።

ስለዚህ እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በባቡር። ብሩን እንዲህ ከፋፈልኩት። 90 ሺው አይነካም። እማዬ ዓይኗን ሞራ ጀምሯታል፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው የሚቀጥለው ዓመት ይሁን ብሏል። ያ ብር የዓይን ነው። 120 ሺው፣ ማለትም 800 ዶላሩ፣ የባሕር ነው። ከዚያ ውስጥ ትኬቱ ግማሹን ያህል ይወስዳል። በቀረው ሰባት ቀን። ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ፣ ጠዋት ቻይ ከማንዳዚ ጋር፣ ቀን ዓሣ። ማንዳዚ ብስኩት ነገር ነው፤ ቻይ ደግሞ ሻይ። ሳነብ ነው የራበኝ።

ጊዜውንም መርጫለሁ። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት እዚያ ትልቁ ዝናብ ነው፤ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለእኔ አይሆንም፤ የሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ነው። በዐቢይ ጾም ብሄድ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ ይበላል አይበላም እያልኩ ከሕሊናዬ ጋር ስከራከር መክረሜ ነው። ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ይቻላል። ጠባብ ነው፤ ግን ይቻላል። ታዲያ ለምንድነው ትኬቱን ለመግዛት ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ?

መጀመሪያ የነገርኳት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ካልኩሌተሯን አስቀምጣ አየችኝ። “ብርሽን ውሃ ልታስበይው ነው?” አለች። ቃል በቃል። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን ቀልድ አልነበራትም።

እማዬ ደግሞ ሽሮ እያማሰለች ሰማችኝ። “ውሃ ከሆነ ሶደሬ አለ አይደል?” አለች። እንደሷ ከሆነ ጉዳዩ እዚያ ላይ አልቋል። ሶደሬ ቅርብ ነው፤ ውሃው ሙቅ ነው፤ ደግሞ ለወገብ ይሆናል።

ቀጥሎ ጎረቤት ሰማ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ጋ “ውጭ ልሄድ ነው” ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው “የት?” ተብሎ አይደለም። “በምን?” ተብሎ ነው። በዲቪ ነው? በጋብቻ ነው? በትምህርት ነው? በኮንትራት ነው? እኔ “በአውሮፕላን” ስል የሚስቅ የለም። “ልጎበኝ ነው፤ በሳምንቴ እመለሳለሁ” ስል ደግሞ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አያለሁ። የማያምን ሰው ፈገግታ ነው። አንዷ እትዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ “ለእኛ እንኳ ንገሪን እንጂ፤ ልትቀሪ ነው አይደል?” አለችኝ። አልቀርም ስላት ቅር አላት። መቅረቱን ብነግራት ኖሮ ዳቦ ጋግራ ትሸኘኝ ነበር።

ውጭ መሄድ ማለት በእኛ ቋንቋ መቅረት ማለት ነው። ሄዶ የሚመለስ ሰው ወይ ተጠርዟል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ነጋዴ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ፣ ዝም ብሎ አይቶ፣ ዝም ብሎ የሚመለስ የሰፈር ሰው አይታወቅም። ኤርፖርት ላይም ብቻዋን የምትሄድ ሴት ጥያቄ ይበዛባታል አሉኝ። የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ወረቀት፣ ከመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ስንቷ ልጅ ተታልላ ሄዳ ቀርታለች። ግን ለመንግሥትም ለእትዬም ማስረዳት ያለብኝ አንድ ነገር መሆኑ ገረመኝ፦ እንደምመለስ።

እህቴ ቤይሩት ናት። ዘጠኝ ዓመቷ። ስፖንዳ አብራኝ የላሰችው እህቴ። የቤታችንን ጣሪያ የቀየረችው እሷ ናት፤ ግቢያችን ውስጥ ያለው ሮቶ የእሷ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የእረፍት ቀን አልነበራትም፤ ፓስፖርቷም ማዳም ጋ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ትወጣለች። ባሕሩ ከምትኖርበት ሩቅ አይደለም። ስለ ባሕሩ ስጠይቃት ግን ሁሌ የምታነሳልኝ የወደቡን ፍንዳታ ነው፤ ሐምሌ 28 ቀን 2012። መስኮቱ እንዴት እንደረገፈ። ከእሱ ሌላ ስለ ባሕር ነግራኝ አታውቅም።

እሑድ ማታ በዋትስአፕ ደወልኩላት። ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሷን ነበር። እሷ እየላከች እኔ ልዋኝ?

“ስንት ቀን?” አለች።

“ሰባት።”

“ሥራ አግኝተሽ ነው?”

“አይ።”

“ሰው አለሽ እዚያ?”

“የለኝም።”

“ታዲያ ምን ልታደርጊ?”

“ባሕር ለማየት።”

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” አልኩ።

“እኔ ምንም ሳልይዝ ብመጣ፣ ቦሌ የሚቀበለኝ ያለ ይመስልሻል?” አለችኝ።

“አለ” ማለት ነበረብኝ። ወዲያው። ግን አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ፤ መዘግየቴን ሰማችው። ከዚያ ስለ እማዬ ዓይን አውርተን ዘጋን። ያን ሌሊት ትኬቱን ተውኩት። ደብተሬ ላይ “ሞምባሳ” የሚለውን ሰረዝኩ። በእርሳስ ነው የሰረዝኩት፤ ግን ሰረዝኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከእሷ የድምፅ መልእክት ገባ። ከኋላ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። “ስሚ፤ እዚህ የመዋኛ ልብስ ቅናሽ ላይ ነው። ሙሉውን፤ ራቁት የሚያስኬደውን አይደለም። ቁጥርሽን ላኪልኝ። ወር መጨረሻ ላይ የምትመጣ ልጅ አለች፤ በሷ እልክልሻለሁ።” ሌላ ምንም አላለችም። መልእክቱን መጋዘን ገብቼ ጎማ ላይ ተቀምጬ አራት ጊዜ ሰማሁት።

የቀረኝ አባቴ ነው። አባቴን ፈቃድ አልጠይቅም፤ ትልቅ ሰው ነኝ። ግን የባሕሩ ባለቤት እሱ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የእሱ ነበር። ለእኔም ለእህቴም ባሕሩን ቤት ድረስ ያመጣልን እሱ ነው።

ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ሬዲዮኑ ጆሮው ሥር፣ ጉልበቱ ላይ ቫዝሊን ተቀብቶ። የአዳማ ሙቀት ሲበርድ የምትመጣው ነፋስ ገና መምጣቷ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“አባዬ፣ አሰብ ላይ ባሕሩ ምን ይመስል ነበር?”

“ይሞቃል።”

“እሱ ከተማው ነው። ባሕሩስ?”

አሰበ። ሬዲዮኑን ቀነሰው። “ወረፋ ነው እኮ ልጄ። ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ትቆያለሽ። ቀን መኪናው ሥር ትተኛለሽ፤ ከዚያ ሌላ ጥላ የለም። ሌሊት ይጭኑልሻል። ሲነጋ መንገድ ነው።”

“ጅቡቲስ?”

“ያው ነው። ጅቡቲ ደግሞ ገና ከከተማው ውጭ ነው የሚያቆሙሽ።”

“ውሃው ውስጥ ገብተህ አታውቅም?”

ዞር ብሎ አየኝ። የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁት ነው ያየኝ። “መኪናውን ለማን ጥዬ?” አለ።

ረዳት አልነበረህም ወይ ልለው አሰብኩ። ነበረው። ሀያ ምናምን ዓመት፣ በወር ቢያንስ ሁለቴ፤ ጭንቅላቴ ሳላዘው ማባዛት ጀመረ፤ አቆምኩት። ልጅ ሆኜ አባቴ ከባሕር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የመጣው ከወረፋ ነው።

ሬዲዮኑን መልሶ ከፍ አደረገ። ዜና ነበር። እስኪያልቅ ሰማን። ከዚያ እንደገና ቀነሰው።

“መቼ ነው የምትሄጂው?”

“ከጥምቀት በኋላ። በሳምንቴ እመለሳለሁ።”

“ትመለሻለሻ፤ ሥራ አለሽ አይደል?” አለ። “ልትቀሪ ነው?” ያላለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱን በሁለት እጁ እያሸ፣ “የባሕር ውሃ ለቁርጥማት ይሆናል ሲሉ እሰማ ነበር። በሃይላንድ ቀድተሽ አምጪልኝ” አለኝ።

“አውሮፕላን ውስጥ ውሃ ይዞ መግባት አይቻልም እኮ አባዬ።”

“ሻንጣ ውስጥ ክተቺዋ። በላስቲክ ጠቅልለሽ።”

ወጥ ቤት ውስጥ የሚማሰለው ነገር ቆመ። ያቺ ሶደሬ አለልሽ ያለችኝ እናቴ በበሩ አንገቷን አወጣች።

“ከሆነማ ሁለት አድርጊው” አለች።

ትኬቱን ረቡዕ ገዛሁ። የሚፈቀድልኝ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ስመለስ የምይዘው ላይ፣ ከልብሴና ከቻርጀሩ ቀጥሎ፣ ሁለት ኪሎ ደመርኩ።